ወንድሜን አራስ ላደረጉልን ለጓድ ጉልላት

ጉለሌ፣ ሐምሌ 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉልላት፣
የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን የእቅድና የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዘንድሮ ሐምሌ ከእንጦጦ የሚያወርደው ብርድ የማንንም ጉልበት የማይምር ቢሆንም፣ በቢሮዎ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስላለ ጉልበትዎ ደኅና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ከጣሪያው ፍሳሽ በቀር ሁሉም ደኅና ነው። ወንድሜ ሾዴም ደኅና ነው፤ ስለ እሱ ጤና ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ የተሻለ ያውቃሉ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ታየች ነገራ እባላለሁ። ከቢሮዎ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት የምቀመጠው ልጅ ነኝ። በየቀኑ በአጠገቤ ስለሚያልፉ የሚያውቁኝ መስሎኝ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት «አንቺ የጽዳቷ ልጅ» ብለው ሲጠሩኝ ግን ራሴን ማስተዋወቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ። በጽሕፈት መኪና ከመጻፍ በቀር የማውቀው ሙያ የለኝም። ሰው ፊት ስናገርም ድምፄ ይጠፋል። በወሩ ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው» ባሉ ጊዜ እጄን እስከ ጆሮዬ አንስቼ ነበር፤ ዓይንዎ ወደ እኔ ሲዞር ነጠላዬን ያስተካከልኩ አስመስዬ አወረድኩት። እርስዎም «ሁሉም ተስማምቷል» ብለው መዘገቡ። ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ፤ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ቆመው የሚያነቡ አባላት ግራ እንዳይጋቡ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፕሮግራሙን የጻፈችልን ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ መጥታ የነበረችው እሌኒ ናት። የጻፈችውም ፓስካል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በውስጡ «አባል» የሚባል አንድ መሠረት አለ። የአንድን ሰው ቀበሌ፣ ጤንነት፣ የሥራ ቦታና የፈትል ድርሻ የሚሞላው እሱ ነው። ከዚህ መሠረት የወጡ ሌሎች ደግሞ አሉ፤ «ፈታይ»፣ «ለማጅ»፣ «ከግንባር የተመለሰ» የሚባሉ። እነዚህ መሠረቱ ካለው ላይ የየራሳቸውን ጥቂት ነገር ብቻ ይጨምራሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራ ማስጀመሪያ አላቸው። የማስጀመሪያው የመጀመሪያ መስመርም የመሠረቱን ማስጀመሪያ የሚጠራ ነው። ማሽኑ በራሱ አይጠራውም፤ ካልተጻፈለት አያውቅም። መጀመሪያ መሠረቱ ተጠርቶ ሁሉን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የራስ ነገር የሚጨመረው።

እሌኒ ይህን ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ሾዴ አጠገብ ተቀምጣ ሲሸምን ስታይ ቆየችና በድንገት ጭኗን መታ አደረገች። «በቃ ይኸው ነው! 'አባል' ድሩ ነው፣ የቀረው ሁሉ ጥለት ነው።» ሾዴም መወርወሪያውን ሳያቆም፣ «እና ድር ሳያደራ ጥለት የሚጥል ሰው አለ እንዴ?» አላት። «አንተ ዕድለኛ ነህ፣ አልገጠመህም» አለችው። እሌኒ አሁን ሐረር ተመድባ ሄዳለች። ሾዴን ግን ገጥሞታል።

አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። በቁጠባው ዘመቻ ጊዜ ፕሮግራሙን በወረቀት አሳትመው በቀይ እስክሪብቶ ሲያነቡ፣ ያች መሠረቱን የምትጠራው መስመር በ«ፈታይ»ም፣ በ«ለማጅ»ም፣ በ«ከግንባር የተመለሰ»ም ሥር ተጽፋ አገኟት። «አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገራል? መሠረቱ ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት አንዴ ተጠርቶ የለም ወይ!» ብለው ከየቦታዋ እንድትወጣ አዘዙ። ስለ ቁጠባዎ ማኅበሩ በሙሉ ባለዕዳ ነው። የተቆጠበው ወረቀት ከአንድ መዳፍ ባይበልጥም፣ ሐሳቡ ትልቅ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ አንድ ሰው ሲሰረዝ ቦታው ባዶ ይቀራል እንጂ አይጠረግም። ቀጥሎ የሚገባው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲለቅ አሮጌ ምንጣፉንና የግድግዳ ሚስማሩን ትቶ እንደሚሄድ ማለት ነው። መሠረቱ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱን ጠርጎ የአዲሱን ሰው ዕቃ ያስገባ ነበር። ካልተጠራ ግን አዲሱ ሰው ከቀድሞው ሰው ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ከሾዴ በፊት በዚያ ቦታ የነበረችው ጎረቤታችን ፈታይዋ ሀጂራ ነበረች። ሀጂራ ወልዳ በአራስነት ተመዝግባ ሳለ ባሏ ኮልፌ ሱቅ ስለከፈተ ከማኅበሩ ለቀቀች። ሾዴ ከግንባር ተመልሶ ያኔ ገና መመዝገቡ ነበር፤ እሷ በለቀቀችው ቦታ ገባ። ስሙን በእጄ ስለምጽፈው ስሙ ትክክል ነው። ከግንባር የተመለሰ፣ ቤቱ ሆኖ የሚሸምን መሆኑም ትክክል ነው፤ ያን የሚሞላው የራሱ ማስጀመሪያ ነውና። የቀረው ግን የሀጂራ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጢሙን አሳድጎ ግራ እግሩን ናቅፋ ላይ ትቶ የመጣው ሰው፣ በማኅበራችን ማሽን አራስ ሆነ። በመመሪያችን መሠረት ደግሞ አራስ ሥራ አይታዘዝባትም፤ ፈትልም አይወጣላትም።

ሰፈሩ ለጊዜው ደስ ብሎታል። ሾዴ በክራንች ወደ ሱቅ ሲወርድ ከየበሩ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» ይባልለታል። «ገንፎው መቼ ነው? ቅቤው ከኛ!» የሚሉም አሉ። መጀመሪያ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ፈትል ሳይወጣለት ሲሰነብት ግን ከቤት መውጣት አቆመ፤ ክር በሌለው የሽመና እቃው ሥር እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ይቀመጣል። ከጉልበቱ በታች በጠፍር ያሰራትን እንጨት እያነሳ መርገጫውን ይረግጣል፤ የሚነሳም የሚወርድም ክር የለም። ድምፁን ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ።

አቤት ለማለት ወደ እርስዎ በመጣ ዕለት በማሽኑ ክፍል በር ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አነበበ። አቧራ ለማሽኑ ጠር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማስታወቂያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሾዴ አንዷን ጫማውን አውልቆ ስለ ሌላው ምን ማድረግ እንዳለበት እስኪወስን በሩ ላይ ቆሞ ሳለ እርስዎ ከውስጥ ሆነው፣ «ጓድ፣ ማሽን አይሳሳትም፤ አራስ አይደለሁም ካልክ ከጤና ጣቢያ ማስረጃ አምጣ» አሉት። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ነርሷ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንባዋን ጠርጋ ግን «የኔ ወንድም፣ አለመውለድን የምንመሰክርበት ወረቀት የለንም» ብላ በአክብሮት አሰናበተችው።

ሁለተኛ። ሌሎች አባላትም ማጉረምረም ሲጀምሩ መስመሯ እንድትመለስ በጎ ፈቃድዎ ሆነ። ደስታዬን መግለጽ አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ለመግለጽም ጊዜ አላገኘሁም። መስመሯ የተመለሰችው ወደ ቀድሞ ቦታዋ ሳይሆን ወደ ማስጀመሪያው መጨረሻ ነበርና። «በስብሰባ ላይ ዋናው ሰው የሚናገረው መጨረሻ ነው፤ መሠረቱ ዋና ከሆነ ይዝጋ እንጂ አይክፈት» ብለው አስረዱኝ። ስለ ስብሰባ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉና አልተከራከርኩም።

በዚህም አባላቱ እንደ አዲስ ሲመዘገቡ፣ የሾዴ የራሱ ማስጀመሪያ «ቤቱ ሆኖ የሚሸምን» ብሎ ከሞላ በኋላ፣ መሠረቱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ለማንኛውም አባል የሚሞላውን ሁሉ በላዩ ላይ ሞላበት። «ጤነኛ፣ በሼድ የሚሸምን» አለ። አራስነቱ ለቀቀው፤ እግሩም በወረቀት በቀለለት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በውጭ አገር ሆስፒታል እንኳ የማይሠራ ሕክምና ነው። ከዚያም አዲሱ ገበያ ባለው የማኅበሩ ሼድ እንዲገኝ ታዘዘ። በዝናብ ውይይት ታክሲ ጠብቆ ሄደ፤ ሼዱ ውስጥ ያሉት እቃዎች በሙሉ በሁለት እግር የሚረገጡ ናቸው። ለእሱ እንዲስማማ ሆኖ የተተከለው እቃ ቤታችን ያለው ነው። እስኪመሽ ግድግዳ ተደግፎ ሌሎች ሲሸምኑ ሲያይ ዋለ፤ በመጨረሻም «በሥራ ገበታው ያልተገኘ» ተብሎ ተመዘገበ። ፈትሉም ሼድ ውስጥ ለተገኙት ተከፋፈለ።

ሦስተኛ። ይህም አልሆነ ሲል ከሁሉ ጋር ለመስማማት ወሰኑ፤ መስመሯ መጀመሪያም መጨረሻም እንድትጻፍ አዘዙ። ማንንም ላለማስከፋት ያለዎትን ጥረት አደንቃለሁ። ነገር ግን መሠረቱ በተጠራ ቁጥር የማኅበሩን አባላት ብዛት በአንድ ይጨምራል። ሁለቴ ሲጠራ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። ማኅበራችን በአንድ ወር አባላቱን እጥፍ በማድረጉ የምስጋና ወረቀት ተቀብለናል፤ እርስዎም ከጀርባው ቆመው ፎቶ ተነስተዋል፤ ፎቶው አሁን ከዚህ ደብዳቤ በላይ ተሰቅሎ ይታያል። የተላከው ፈትል ግን ለእጥፉ ሰው ተካፍሎ ለያንዳንዱ ሸማኔ ግማሽ ድርሻ ደረሰው። ቀሪው ግማሽ ያልተወለዱትን አባላት ሲጠብቅ መጋዘን ውስጥ ሻገተ። እናቴ ጸሐይ የምትፈትለው ባዘቶ ጨርሳ እንዝርቷን ታቅፋ የተቀመጠችውም ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ። በመጨረሻ ደከመዎት። የሰው ልጅ ነዎትና ይገባኛል፤ እኔም ደክሞኛል። «ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ብለው መስመሯ ከወጣች በኋላ የተቀዳውን አሮጌ ዲስክ አስመለሱኝ። ወንድሜም ከነአራስነቱ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ዝም ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምችለው ሥራ እሱ ነው። ያልቻልኩት ባለፈው ሳምንት የመጣውን ነው። በማኅበሩ መመሪያ ለረጅም ጊዜ ፈትል ያልወጣለት አባል በእጁ ያለው የማኅበሩ ንብረት «ሥራ የፈታ» ተብሎ ለሌላ ይዛወራል። ማሽኑም የሾዴን እቃ ሥራ የፈታ ብሎ አወጣው። ያ እቃ አባታችን ነገራ በእጁ ጠርቦ ያቆመው ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት እሱ ራሱ በፈቃዱ ለማኅበሩ አስመዝግቦት «ከአሁን በኋላ የሁላችንም ነው» ብሎን ነበር። የሁላችንም ሲል እኛን ጭምር ማለቱ ይመስለኝ ነበር። አባታችን ሲያርፍ ሾዴ ግንባር ነበር። ሲመለስም መርገጫዎቹን አንድ በአንድ ለአንድ እግርና ለአንድ እንጨት እስኪስማሙ ድረስ አስተካክሏቸዋል። ሰኞ ጠዋት ተሸካሚዎች መጥተው ነቅለው ይወስዱታል። ከሌላ ቦታ ሲተከል መርገጫዎቹ እንደገና ለሁለት እግር ይስተካከላሉ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ የሚሸምንበት እቃ አይኖረውም፤ ከሽመና ሌላ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ውትድርና ብቻ ነው፤ እሱንም ጨርሶታል።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታ የሚጻፍበት ወረቀት ከቁጠባው ጋር ይጋጫል። ካሳ አልለምንም። ያች አንዲት መስመር ወደ ቦታዋ ትመለስ ነው የምለው፤ በመጀመሪያ ትጻፍ፣ አንዴ ብቻ ትጻፍ፣ ከመሠረቱ በወጣ በእያንዳንዱ ሥር ትጻፍ። እሌኒ ስትሄድ የነገረችኝ ይኸው ነው፤ ስትነግረኝም ስለ ማሽን ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ከመሠረቱ የወጣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ መሠረቱን መጥራት አለበት፤ አለዚያ የሌላ ሰው ጓዝ ተሸክሞ ይኖራል።

በቁጠባዎ ስለጎበኙን፣ በስብሰባ ጥበብዎ ስላስተማሩን፣ ወንድሜን ያለ ሐኪም ስላስወለዱትና ያለ ሐኪም ስላዳኑት፣ ማኅበራችንንም ያለ ሰው ስላበዙት፣ ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ ያለኝን ምስጋና ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ። ሁለቱንም እግርዎን ጤና ይስጥልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከትንሽ ድካም ጋር፣
ታየች ነገራ
(የጽዳቷ ልጅ ያልሆነችው)

ግልባጭ፤
ለሾዴ ነገራ፣ አራስ ቤት፤
ለግድግዳ ጋዜጣው አንባቢዎች በሙሉ።

ማሳሰቢያ፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ትእዛዝ ሰጥተውኝ ነበር። አንደኛው እቃው የሚወሰድበትን የሾዴን ስም ከማሽኑ እንድሰርዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለአዲሱ ሹመትዎ «የበላይ ኃላፊ» የሚባል የራስዎ ዓይነት ከ«አባል» ወጥቶ እንዲከፈትልዎ፣ ያችም ለቁጠባ የወጣች መስመር እሱ ውስጥ እንዳትገባ ነው። ሁለቱንም እንዳዘዙኝ በቅደም ተከተል ፈጸምኩ። ማሽኑም ሾዴ የለቀቀውን ቦታ ሳይጠርግ ለእርስዎ ሰጠ። ስምዎ ትክክል ነው፤ ሹመትዎ ትክክል ነው፤ በእጅዎ ያለው ንብረት ማለትም ጠረጴዛዎ፣ ባለመደገፊያው ወንበርዎና ማሞቂያው ትክክል ነው፤ የቀረው የሾዴ ነው፣ የሾዴም የሀጂራ ነው። ፈትል ያልወጣለት አባል ንብረት ሥራ የፈታ ነውና ማሽኑ የሰኞውን የዝውውር ትእዛዝ ሲያወጣ ከእቃችን ሥር የእርስዎን ጠረጴዛ፣ ወንበርና ማሞቂያ ጨመረበት። ማሽን አይሳሳትም ስላሉ አልነካሁትም። እርስዎም እንደ ልማድዎ ሳያነቡ ፈረሙበት፤ ተሸካሚዎቹም ትእዛዙን ይዘው ሄደዋል። ከአሁን በኋላ ትእዛዙን የሚያስቀር መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያች መስመር ከሰኞ በፊት በመጀመሪያ ቦታዋ ትግባ፣ እኔም ወንድሜንና እርስዎን እንደ አዲስ ልመዝግባችሁ፤ ማሽኑም ዝውውሩን የሚሽር ትእዛዝ ያወጣል። ያን ጊዜ እቃውም ጠረጴዛውም አብረው ይቀራሉ፤ አለዚያ አብረው ይሄዳሉ። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ጓድ ጉልላት፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ።